ነጩ ጥግ

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አያቴ በፍቅር ናላው ዞሯል ብዬ አምን ነበር። ናላውን አዞረችው ያልኳት ደግሞ ከሆላንድ የመጣች፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ስታቦካ የምትውል ሴት ነበረች። ያን ዓመት ያየሁትና የሰማሁት ሁሉ ይህንኑ የሚያረጋግጥልኝ ይመስለኝ ነበር። ልጅ አንዴ አንድ ነገር ካመነ ማስረጃ አያጣም።

ላንዮን ሰላጤ ዳር፣ እኔ፣ አያቴ ሲላስና አክስቴ ሜቪስ በአንድ የቆርቆሮ ቤት እንኖር ነበር። እናቴ አዴሌድ ከተማ ፋብሪካ ስለምትሠራ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ የሚያጠምደውም ዋይቲንግ የሚባለውን ብርማ ዓሣ ነው። ዋይቲንግ ኩሩ ነው፣ በየቦታው አይገኝም። ሰላጤው መሀል፣ ጥቅጥቅ ባለው የባሕር ሣር ውስጥ፣ እዚህም እዚያም ከአንድ ግቢ የማይበልጡ ገላጣ አሸዋዎች አሉ፤ የሚሰበሰበው እነሱ ላይ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ያንን ገላጣ በዓይን መፈለግ ዘበት ስለሆነ አጥማጆቹ ምልክት ነበራቸው። ጀልባቸው ላይ ሆነው ወደ የብስ ያያሉ። ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ልክ ሲገጥሙላቸው አንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ነው። በሌላ አቅጣጫም ሌሎች ሁለት ነገሮች ሲገጥሙ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ላይ ደርሰዋል፤ መልህቅ ይጣላል።

ምልክት በየቤቱ የሚወረስ ሀብት ነበር። ለጎረቤት ቀርቶ ለአማች አይነገርም፤ አይጻፍም፤ የብስ ላይም በቃል አይወራም። በእኛ በትሬሎሮች ቤት ደግሞ ተጨማሪ ሕግ ነበረ። ከቤቱ ልጆች አንዱ ይመረጣል፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው ግማሹ ምልክት ይሰጠዋል፣ አሥር ሲሞላው ባሕሩ ላይ ተወስዶ የቀረውን ያያል። እናቴና አክስቴ ጀልባ ገና ሲያዩ ያስመልሳቸው ስለነበር ምልክቱ እነሱን ዘሎ እኔ ጋ መጣ። ግማሹን ይዣለሁ፤ ወደ ባሕሩ በገባው ረጅም የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ያለው መብራት፣ ማዶ ያለው ኮረብታ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ። ግማሽ ምልክት ግን ለምንም አይሆንም። መስመሩን ይዞ ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻላል፤ አሸዋዋ ግን አትገኝም።

«አባባ፣ አሁን ንገረኝ» እለዋለሁ መረቡን ሲጠግን።

«ጥቅምት ሲመጣ።»

«ዘጠኝና አሥር ምን ለያቸው?»

«የዘጠኝ ዓመት ሰው አፍ በር የለውም።»

«የእኔ አለው።»

«አለው፤ መቀርቀሪያው ነው የጠፋው» ይለኝና ባርኔጣውን ዓይኔ ድረስ ይደፋብኛል። ባርኔጣው የዓሣና የትምባሆ ሽታ ነበረው። ዛሬም ያ ሽታ ድንገት ከሸተተኝ ባለሁበት ቆሜ እቀራለሁ።

የውጭ ሰው መጥቶ «ይህን ሁሉ ዓሣ ከየት አመጣችሁት?» ቢል የላንዮን አጥማጅ መልስ አንድ ነው። «መሀሉ ላይ ምንም የለም፤ አሸዋ ብቻ ነው።» በእርጥብ ጆንያ የተሸፈነ ሙሉ ሣጥን ተሸክሞ ነው እንዲህ የሚለው፤ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አይነበብም። እኛም ልጆቹ ይህን መልስ ገና አፋችንን ስንፈታ ነው የተማርነው።

ችግር የመጣው ሰው ያመነን ጊዜ ነው። የከተማው ምክር ቤት ለሀብታሞች መዝናኛ ጀልባዎች ጥልቅ መተላለፊያ ሊያስቆፍር አሰበና አጥማጆቹን አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ሰላጤው መሀል ምን አለ? ሁሉም፣ አያቴም ጭምር፣ የለመደባቸውን መለሱ። ምክር ቤቱም ምንም ከሌለማ እዚያው ይቆፈር ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ዓሣ በሚያጸዱበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ዝም ሲባባሉ አስታውሳለሁ። አንዱ «ሣር አለ» ቢል ሌላው «የት ጋ?» ሊለው ነው፤ ስለዚህ ማንም አፉን አልከፈተም። እኔ የተኳረፉ መስሎኝ ነበር።

ሆላንዳዊቷ ማርሊስ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው፣ በአንዲት አሮጌ ቢጫ ሚኒባስ። ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየውን ረጅም ግንብ እንድታስጌጥ ተቀጥራ ነበር። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ግንቡ የሰላጤው ወለል ይሆናል። ሰው ከየቤቱ የተሸራረፈ ሳህንና ስኒ ያመጣል፣ ይሰበራል፣ ከስባሪውም እያንዳንዱ የሚያውቀውን ፍጥረት በሚኖርበት ቦታ ላይ ይለጥፋል። ሴቶቹ በመጀመሪያው ቀን የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የዳቦ ቤቷ ወይዘሮ ኦልድሪጅ የአማቷን የሻይ ማንቆርቆሪያ በመዶሻ ስትመታ «ይህን ቀን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት» አለች። እኔ ሰማያዊ ሸርጣን ሠራሁ፤ ጥፍሮቹ የስኒ ጆሮዎች ነበሩ። ግንቡ ላይ ድልድዩ ከተሳለበት ሥር ለጠፍኩት፣ እዚያ ነዋ የሚኖረው። ሌሎቹ ልጆች ኦክቶፐስ፣ ኮከብ ዓሣና የባሕር ፈረስ ለጠፉ። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ቦርሳችንን አሸዋው ላይ እየወረወርን ወደ ግንቡ እንሮጥ ነበር፤ ምሳችንም ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል።

የግንቡ መሀል ብቻ ግራጫውን ቀረ። ማርሊስ በተሰባበረ አነጋገሯ «እዚህስ ምን አለ?» ስትል ወንዶቹ በሩቁ «አሸዋ» ይሏታል።

«ብዙ አሸዋ ነው» ትላለች።

«ሰላጤው ትልቅ ነው» ይሏታል።

አያቴና እሷ እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም። እኔ የነቃሁት ማክሰኞ ማክሰኞ ቢጫው ሚኒባስ በራችን ላይ መቆም ሲጀምር ነው። አያቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ ይወጣል። አዴሌድ ይሄዳሉ፣ የሚመለሱት ሲመሻሽ ነው። አክስቴ ሜቪስ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «በዚህ ዕድሜው» ትላለች። ለጎረቤታችን ደግሞ በአጥሩ በኩል «ራቱን እንኳ አይበላም እኮ፤ ገብቶ ዝም ብሎ ይተኛል» ስትላት ሰማኋት።

«ወንድ ልጅ ሲሸመግል ነው የሚብስበት» አለች ጎረቤታችን።

ይህን ለልጇ ለግሌን ነገርኩት። ግሌን በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የማያውቀው ነገር ደግሞ አልነበረም።

«ፍቅር ነው» አለኝ። «እህቴም እንደዚያ ነው ያደረጋት። መጀመሪያ ምግብ አስጠላት፣ ከዚያ አገባች።»

«አያቴ አያገባም።»

«ያገባል። አንቺ ደግሞ አበባ ይዘሽ ከኋላ ከኋላ ትከተያለሽ፣ ቀጮ።»

አክስቴ እውነቱን ያወቀችው ከአያቴ ቀብር በኋላ ነው፤ ለእኔ የነገረችኝ ደግሞ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ። ማክሰኞ የሆስፒታል ቀኑ ነበር። ሳንባው ተጎድቶ ነበር፤ ወሬው በከተማው እንዳይሰማ እንግዳዋን ሴት አድርሽኝ ብሎ ለመናት። የተተኮሰው ሸሚዝ ለሐኪሙ ነበር። እኔ ግን ያኔ ሸሚዙን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያቴ አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ በባልዲ ሞልቶ ወደ ግንቡ መጣ። ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች ቢላቸውን እንደያዙ ያዩታል። ግራጫው መሀል ላይ ተንበርክኮ ሲሚንቶ ቀባና አንድ ረጅም ስባሪ አቁሞ ለጠፈ፤ ከጎኑ ሌላ፣ ከጎኑ ሌላ።

«ሲላስ» አለ ሃርሊ፣ እኩያው የሆነ አጥማጅ። «ምን እየሠራህ ነው?»

«ሣር።»

«እዚያ ምንም የለም። አሸዋ ብቻ ነው።»

«ሃርሊ፣ እኔና አንተ ይህን ውሸት የጀመርነው ጢም ሳናበቅል ነው። ጎበዞች ስለሆንን አመኑን። አሁን ቆፋሪው ሲመጣ ለዓሣው ምን ልንለው ነው?»

«ሰው ሁሉ መጥቶ ያጠምድብሃላ።»

«ያጥምዳ። የሚጠመድ ነገር ሲኖር አይደል እንዴ?»

ሃርሊ ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገ። እኔ ሸርጣኔ አጠገብ ቆሜ ነበር። የቤታችን ሀብት፣ ጥቅምት ላይ የእኔ ሊሆን የነበረው፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ግንብ ላይ ተለጠፈ። ለዚያውም ለዚያች ሴት ሲባል። እሷ አጠገቡ ተንበርክካ ስባሪ እያቀበለችው ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ያን ማታ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ። አክስቴ ሳህኔን እያነሳች «አንቺም ጀመረሽ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ሃርሊ የራሱን አረንጓዴ ባልዲ ይዞ መጣ። ማንንም ሳያይ፣ ማንንም ሳያናግር፣ ከአያቴ ሣር በስተሰሜን ለጥፎ ሄደ። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ፤ ግራጫው እየጠበበ፣ እየጠበበ ጠፋ። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር መጥቶ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተና «ለእኔ አሸዋ ነው አላችሁኝ እኮ» አለ። ወንዶቹ ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። መተላለፊያው ወደ ደቡብ፣ ወደ ድንጋያማው ዳርቻ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ከተማው በሙሉ ተደሰተ። እኔ አልተደሰትኩም። የተዘረፍኩት እኔ ነኛ።

ከዚያ የሳህኖቹ ነገር መጣ። ሟቿ ሴት አያቴ ለሠርጓ የተሰጣት ሙሉ ነጭ የሳህን ስብስብ ነበራት። አክስቴ በዓመት አንዴ አውጥታ አጥባ ትመልሰዋለች እንጂ አይበላበትም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጓሮ የሚሰበር ነገር ድምፅ ሰማሁ። አያቴ እያንዳንዱን ሳህን በጆንያ እየጠቀለለ፣ በመዶሻ አንዴ ብቻ እየመታ፣ ስባሪውን ባልዲ ውስጥ ይገለብጣል። አክስቴ የመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«የተሸራረፈ አምጡ ነው የተባለው፣ አባዬ። ይሄ ጭረት እንኳ የለውም።»

«ነጭ ነው የምፈልገው» አለ። «ነጭ ከሩቅ ይታያል።»

«ለማን?»

ሳል ያዘውና ብዙ ሳለ፤ ሳሉ ሲለቀው ደግሞ ጥያቄውን የረሳው መሰለ። እኔም የገባኝ እንዲህ ነበር፤ አዲስ ሚስት ስትመጣ የድሮዋ ሳህን ይሰበራል። ለግሌን ስነግረው «ደንብ ነው» አለኝ።

በማግሥቱ አያቴ የሟቿን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ግንቡ ወሰደኝ።

«እዚህ ላይ ውጪና ይህን ዘርግተሽ ቁሚ» አለኝ። «እኔ ባሕሩ ላይ ሆኜ በባርኔጣዬ አሳይሻለሁ። ወደ ቀኝ ካወዛወዝኩ ወደዚያ ትሄጃለሽ፣ ወደ ግራ ካወዛወዝኩ ወደዚህ። ሁለት እጄን ሳነሳ ትቆሚያለሽ። ንቅንቅ የለም።»

«ለምንድን ነው?»

«ለሥራ ነው።»

«እሷስ የት ልትሄድ ነው?» አልኩ ወደ ማርሊስ በአገጬ እያመለከትኩ።

«እሷ ትቀዝፋለች። እኔን ዛሬ ክንዴን ደክሞኛል።»

ከእኔ በፊት እሷን ወሰዳት። ጀልባዋ እየራቀች እየራቀች ሄዳ ሁለት ጥቁር ነጥቦች የተቀመጡባት ነገር ሆነች። ነፋሱ ልብሱን እያነሳ ፊቴን ይመታኛል፤ ከኋላዬ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ረጅሙ የስንዴ ጎተራ ቆሟል። ግሌንና ጓደኞቹ መጥተው ግንቡ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ።

«ልብስ ማስጫ ገመድ ሆንሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሙሽሮቹን እየሸኘች ነው» አለ ግሌን፤ ሁሉም አሽካኩ።

በሩቁ ባርኔጣው ይወዛወዛል። ቀኝ፣ አሁንም ቀኝ። ትንሽ ግራ። እንደገና ቀኝ። በእኔ እየተጫወቱ መሰለኝ፤ ልብሱን ጥዬ ልሄድ ሦስት አራቴ ቃጣኝ፤ ሽንቴም መጥቶ ነበር። በመጨረሻ ሁለት እጆች አብረው ተነሱ። ቆምኩ። እጆቹ እንደተነሱ ቆዩ፣ በጣም ቆዩ፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ።

ሲመለሱ የአያቴ ፊት አመድ መስሎ ነበር፤ ከጀልባው ያወረደችው ማርሊስ ናት፣ ደግፋ። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አውርዶ በባዶ እግሮቼ ዙሪያ አሰመረ፤ ከዚያ ከእግሬ ሥር ጀምሮ በግንቡ ፊት ላይ ቁልቁል መስመሩን ሳበው።

«አሁን ውረጂ» አለኝ። «ጎበዝ። ዛሬ የሠራሽውን ሥራ ማንም አይሠራውም።»

እኔ ሮጬ ሽንት ቤት ገባሁ።

የሴት አያቴን ሳህኖች የለጠፋቸው እዚያ ነው። በር የሚያህል ነጭ፣ ዓሣ የሌለበት፣ ሣር የሌለበት፣ ግንቡ ሊያልቅ ሲል ባለው ጥግ ላይ። ሰዉ ተንሾካሾከ፤ ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል፣ ያን የመሰለ ሥራ አበላሸው ተባለ። ወይዘሮ ኦልድሪጅ ደፍራ «ጋሽ ሲላስ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስትለው «አረፋ» አላት። ግንቡ በፋሲካ ተመረቀ፤ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ እየተጠቀለለ ታደለ፤ ልጆቹ ሁሉ ቤተሰባቸውን እየጎተቱ የሠሩትን አሳዩ። አያቴ ሸርጣኔን አይቶ «ጥፍሩ ትክክል ነው፤ ይነክሳል» አለ። በደስታ ልፈነዳ ነበር፣ ግን ኩርፊያ ላይ ስለነበርኩ አፌን ያዝኩ።

በነሐሴ ሞተ። ጥቅምት መጣ፣ አሥር ዓመት ሞላኝ፣ ማንም ወደ ባሕር የወሰደኝ አልነበረም። እናቴም አዴሌድ ወሰደችኝ። በዚያ ጥቅምት ያለቀስኩት ለእሱ ይሁን ለምልክቱ ዛሬም መለየት አልችልም። እውነቱን ለመናገር ናፍቆቱ እንኳ በወጉ አልወጣልኝም ነበር፤ እሱን ባሰብኩ ቁጥር ከናፍቆቱ ጎን ያ ቅያሜ አብሮ ይመጣል። ለሁሉም ሰጠ፣ ለእኔ አልሰጠኝም።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ሜቪስ አረፈች፤ የአሥር ዓመት ልጄን ቲሊን ይዤ ለቀብር ወደ ላንዮን ሄድኩ። ማርሊስ ከቀብሩ መልስ ከዘራዋን ተደግፋ ወደ እኔ መጣችና እጄን ይዛ ቆየች። ከተማዋን ከዚያ በኋላ ለቃ አታውቅም። ስለ አያቴ ብዙ አወራን። ያን ቀን ጀልባው ላይ ምን ሲሉ እንደነበር ጠየቅኳት፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም ትንሽ እየከነከነኝ።

«ምንም አላልንም» አለች። «እዚያ ስንደርስ ጀርባዬን ለየብሱ ሰጥቼ እንድቀመጥ አደረገኝ። እስክንመለስ ዞር እንዳትዪ አለኝ። እኔ ሲያመው እንዳላየው መስሎኝ ነበር።»

«ነጩን ጥግስ?»

«ያን ቦታ ስጪኝ አለኝ፣ ሰጠሁት። አልጠየቅኩትም።»

በማግሥቱ የሃርሊን የልጅ ልጅ ጀልባ ተውሰን፣ ቲሊና እኔ ወጣን። ያለኝ ግማሽ ብቻ ቢሆንም እሱን ላሳያት ፈለግኩ። ድልድዩ ጫፍ ያለው መብራት ኮረብታው ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ አሳየኋት፤ በመስመሩ ላይ ቀስ እያልን ሄድን። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ ከሥራችን ሣሩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይተኛል፣ ይነሳል። ሣሩ እዚያ በመኖሩ ብቻ ደስ አለኝ።

«እማ፣ ያ የሚያበራው ነጭ ምንድን ነው?» አለች ቲሊ።

ዞር አልኩ። ግንቡ ከዚያ ርቀት ቀጭን ሰማያዊ መቀነት ነው፤ ሸርጣኑም፣ ኮከብ ዓሣውም፣ የአጥማጆቹ ሣርም ተቀላቅለው አይለዩም። ከግንቡ ሁሉ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሴት አያቴ ሳህኖች። ከኋላቸው ጎተራው ቆሟል፣ ትንሽ ወደ ግራ። ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ነጩም ወደ ጎተራው ቀረበ። ሞተሩን አጥፍቼ መቅዘፊያውን ያዝኩ። ገብቶኛል፣ ግን ማመን ፈራሁ። ትንሽ ቀዘፍኩ። አሁንም ትንሽ። ነጩ ልክ ጎተራው ሥር ገብቶ ሲቆም ወደ ታች አየሁ። ሣሩ ተከፍቶ ነበር። ገርጣ ያለ አሸዋ፣ አንድ ግቢ የሚያህል፣ በላዩም የዓሦቹ ጥላ ይመላለሳል።

ሣሩን ለሁሉም ሰጠ፤ ይህችን ግን አላሳያቸውም። ለጥቅምት እንደማይደርስ አውቆ ነበር። የቤታችንን ሕግም አላፈረሰም፤ የብስ ላይ አልነገረኝም፣ ከአሥር ዓመቴ በፊትም አላሳየኝም። ምልክቱን ሠርቶ፣ በሚስቱ ሳህን ለጥፎ፣ መጥቼ እስካየው ድረስ ሁሉም ሰው ፊት አስቀምጦልኝ ሄደ። መቅዘፊያውን ይዤ አለቀስኩ። ስጠብቀው የኖርኩት ልቅሶ ነበር፤ ምንም ቅያሜ አልነበረበትም።

ቲሊ ደንግጣ ክንዴን ያዘች። «እማ፣ ምን ሆንሽ? ነጩ ምንድን ነው?»

«እኔ የቆምኩበት ቦታ ነው» አልኳት። «አያቴ እዚህ ሆኖ ነው ያቆመኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ግማሹንም ሙሉውንም፣ ሕጉንም፣ አጥማጆቹ ለጠያቂ የሚሰጡትን መልስም። እሷ ዓይኗን ከነጩ ላይ ሳታነሳ ሰማችኝ። ከዚያ የመንጠቆ ገመዳችንን ጣልን፤ ባልዲያችን ቶሎ ሞላ።

ስንመለስ የሃርሊ የልጅ ልጅ ድልድዩ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ገመዱን ተቀብሎ እያሰረ «እሺ፣ መሀሉ ላይ ምን አገኛችሁ?» አለ።

ቲሊ በእርጥብ ፎጣ የተሸፈነውን ባልዲ በሁለት እጇ አንጠልጥላ ከጀልባው ወረደችና ቀና ብላ አየችው።

«ምንም የለም» አለችው። «አሸዋ ብቻ ነው።»

ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አይነበብም ነበር።